ሁለተኛው መኪና

ሁለቱም የሚኖሩት ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው። አጎትየው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ አገር ቤት ሳሉ የእርዳታ እህል ጭነው ኦጋዴንን ሲመላለሱበት ኖረዋል። የእህታቸው ልጅ ነርስ ናት። በዚህ ክረምት፣ ማለትም በአውስትራሊያው ክረምት ጁላይ ላይ፣ ሲምፕሰን የተባለውን በረሃ በላንድክሩዘር ማቋረጥ አምሯታል። ጠረጴዛው ላይ ካርታ፣ ደብተርና የቡና ስኒዎች አሉ። ከአቦል እስከ ቶና የነበረውን የቤተሰብ ወሬ ትቼ ስለ መንገዱ የተነጋገሩትን ብቻ አስፍሬዋለሁ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ መንገዱን ጨርሼዋለሁ። ከዚህ አደላይድ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአደላይድ ማሪ ደግሞ ሌላ ከ600 በላይ። ማሪ ላይ አስፋልቱን እንሰናበታለን። ከዚያ በኡድናዳታ መንገድ ወደ ላይ፣ ከኡድናዳታ ወደ ማውንት ዴር። ማውንት ዴር ነዳጅ ሞልተን በረሃውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እናቋርጥና በርድስቪል ላይ እንወጣለን።

አጎት፦ ይህን ሁሉ መዞር ለምን አስፈለገ? በርድስቪል እኮ ከማሪ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ ካርታው ላይ አየሁት። መንገድም አለው።

ነርሷ፦ አለው፣ 517 ኪሎ ሜትር። ግን የአሸዋው ጉብታ ሁለቱ ጎኑ እኩል አይደለም። ነፋሱ የሚያይለው ከምዕራብ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለው ዳገት ለዘብ ያለ ነው፤ የምሥራቁ ጎን ግን ቀጥ ያለ ነው። ከማውንት ዴር ከገባን ለዘብተኛውን ወጥተን ቀጥ ያለውን እንወርዳለን። ከበርድስቪል ከገባን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያውም በመጀመሪያው ቀን፣ ነዳጁም ውሃውም ሙሉ ሆኖ መኪናው በከበደበት ሰዓት፣ ቢግ ሬድ የሚሉት 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ጉብታ ፊት ለፊት ይጠብቀናል።

አጎት፦ ጉብታው ጠቅላላ ስንት ነው?

ነርሷ፦ ከ1,100 በላይ። ጎን ለጎን ተሰልፈው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። መንገዱ ደግሞ እነሱን እያቋረጠ ነው የሚሄደው።

አጎት፦ መንገዱን የቀየሰው ሰውዬ ምን አጥፍተን ነው?

ነርሷ፦ ለእኛ አስቦ አይደለም የቀየሰው። በ1960ዎቹ ነዳጅ ፍለጋ የገባ የፈረንሳዮች ኩባንያ ነው የቀደደው፤ የፈረንሳዮቹ መስመር የሚባለውም ለዚህ ነው። እነሱ መሬቱን ለመመርመር ቀጥ ያለ መስመር ነበር የሚፈልጉት። የሚያዋጣ ነዳጅ አልተገኘም፣ መስመሩ ቀረ፤ ዛሬ ሽርሽር የወጣ ሰው ይወጣበታል፣ ይወርድበታል።

አጎት፦ ይሁን። ጎማውንስ ስንት ነፋስ ልታደርጊው ነው?

ነርሷ፦ አስፋልት ላይ 36፣ ኮረኮንቹ ላይ 26 ወይም 28። አሸዋው ጋ ስንደርስ 18፣ ካስቸገረን 16።

አጎት፦ ጎሽ! እኛ መለኪያም አልነበረን፤ የጎማው ጎን ሆድ ሲያወጣ በዓይናችን አይተን ነበር የምንተወው። አንድ ነገር ልንገርሽ። ጎማ ሲተነፍስ ሰው ሁሉ ወደ ጎን የሚሰፋ ይመስለዋል። ሰፋ ማለቱስ አይቀርም፤ ዋናው ግን መሬት የሚረግጠው ክፍል ወደ ፊትና ወደ ኋላ መርዘሙ ነው። ክብደቱ ይበተንና አሸዋውን ሳይቆፍር ላዩን እየረገጠ ይሄዳል። ታዲያ በ16 ነፋስ እየሄድሽ መሪ ድንገት ከጠመዘዝሽ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። እንደዚያው በተነፈሰ ጎማ ድንጋይ ላይ ከሮጥሽ ደግሞ ጎኑ ይቀደዳል፤ የጎኑን ቀዳዳ የትኛውም ጎሚስታ አይደፍነውም። አሸዋው እንዳለቀ ወርዶ መሙላት ነው። ኮምፕሬሰር አለሽ?

ነርሷ፦ ገዝቻለሁ። ስኮርታ ጎማም ሁለት እንይዛለን።

አጎት፦ ጎማውን ማስተንፈስ የሚሰንፍ ሾፌር እዚያም አይጠፋም መቼም።

ነርሷ፦ ሞልቷል! በረሃውን የሚያዘወትሩት ሰዎች አንዱ ምሬታቸው እሱ ነው። ጎማቸውን ወጥረው በጉልበት እንውጣ የሚሉት ዳገቱን ይቆፍሩታል፤ ከኋላ ለሚመጣው ሰው የሚተርፈው ጉድጓድ በጉድጓድ የሆነ መንገድ ነው። ነዳጁን ደግሞ ይስሙኝ። ከማውንት ዴር እስከ በርድስቪል፣ በያዝነው መስመር፣ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሐል ላይ ማደያ የለም። አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12፣ 13 ሊትር የሚበላ መኪና እዚያ እስከ 25 ሊበላ ይችላል። በ25 ሳሰላው 138 ሊትር ገደማ መጣ። መጠባበቂያ ጨምሬ 180 አድርጌዋለሁ።

አጎት፦ ውሃስ?

ነርሷ፦ ለአንድ ሰው በቀን 10 ሊትር። ለሁለታችን ለ7 ቀን 140 ሊትር።

አጎት፦ በአራት ቀን እንሻገራለን አላልሽኝም?

ነርሷ፦ አራቱ የመሄጃ ነው። ሦስቱ የመቆሚያ ነው።

አጎት፦ ሳትነሺ የምትቆሚበትን ታሰያለሽ!

ነርሷ፦ ለመሄዱማ መንገዱ አለ፤ የሚታሰበው ለመቆሙ ነው። ደግሞ ክብደቱን አይርሱ። 180 ሊትር ናፍጣ 150 ኪሎ ይመዝናል፣ ውሃው 140። ገና ዳቦ ሳንጭን 290 ኪሎ ሆነናል። ፍሪጁ፣ ድንኳኑ፣ ሁለቱ ጎማ፣ የእርስዎ መፍቻ ሣጥን አለ…

አጎት፦ መፍቻዬን አትንኪ። ጀሪካኑን ፖርቶ መጋላው ላይ እናስረዋለን፣ አለቀ።

ነርሷ፦ አይሆንም። መኪናው ጉብታ ላይ በጎኑ ሲያዘነብል ላዩ ላይ 100 ኪሎ ከተጫነበት ይገለበጣል። ከባድ ከባዱ ታች፣ ከኋለኛው ጎማ ፊት ለፊት ነው የሚታሰረው። ፖርቶ መጋላ ላይ ቀላል ቀላሉ ብቻ።

አጎት፦ እኛ እኮ እህሉንም ሰዉንም ላዩ ላይ ጭነን…

ነርሷ፦ የተገለበጠስ አልነበረም?

አጎት፦ ነበረ። ቀጥዪ።

(እዚህ ላይ ስለ ወቅቱ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ባጭሩ ነገሩ ይህ ነው። በደቡብ አውስትራሊያ በኩል ያለው የበረሃው ክፍል በ2021 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል፤ 3.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን፣ በአገሪቱ ትልቁ ፓርክ ነው። ለመግባት ፈቃድ ይገዛል። ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በሙቀቱ ምክንያት ይዘጋል፤ ኡድናዳታ በጃንዋሪ 1960 የተመዘገበባት ሙቀት 50.7 ዲግሪ ነበር። ጁላይ ላይ ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ዝናብ ከጣለ መንገዶቹ ይዘጋሉ፤ የተዘጋ መንገድ ሰብሮ የገባ ሾፌር ይቀጣል።)

አጎት፦ እኔ ያልገባኝ ሦስት ቀን መቆም የምትይው ነው። መኪና ቢበላሽ ሰው መምጣቱ መቼ ይቀራል? ደገሃቡርና ቀብሪ ደሃር መሐል ባሌስትራ ተሰብሮብን ያውቃል። ክሪኩን ገና ሳላቆመው አንድ ግመል ጠባቂ ልጅ ከየት እንደመጣ ሳላየው አጠገቤ ቆሟል። ማታ ወተት ይዘውልን መጡ። በነጋታው ሌላ ካሚዮን ደረሰ፤ ሾፌሩን ከዚያ ቀን በፊት አይቼውም አላውቅ። ባሌስትራውን በእንጨትና በሽቦ አስሮልን ከኋላ ከኋላችን እየተከተለ ከተማ አደረሰን። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። እኔ በረሃ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ነርሷ፦ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ሰው ያለበትን በረሃ ነው። እዚህ ያ ልጅ የለም።

አጎት፦ ቱሪስት ይመላለሳል ብለሽኝ ነበር።

ነርሷ፦ በዋናው መስመር፣ በወቅቱ፣ አዎ ይመላለሳል። ከመስመሩ ከወጡ ወይም ወቅቱ ካለፈ ግን ማንም የለም። በዲሴምበር 1963 በበርድስቪል መንገድ ላይ የሆነውን ልንገርዎ። ከእንግሊዝ የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ አባት፣ እናትና ሦስት ወንዶች ልጆች። እንደኛው ለአገሩ አዲስ ናቸው። መንገድ ሳቱ፣ ነዳጅ አለቀባቸው። መኪናዋን ትተው በእግራቸው ወጡ። አምስቱም በውሃ ጥም ሞቱ።

አጎት፦ ልጆቹም?

ነርሷ፦ ልጆቹም።

አጎት፦ እኔም ብሆን እወጣ ነበር። ልጆች ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት ይቻላል?

ነርሷ፦ ማንም ሰው የሚያደርገው እሱን ነው። አገር ቤት ቢሆን ትክክል ነው፤ ትንሽ ከተራመዱ ጎጆ ያገኛሉ፣ ጉድጓድ ውሃ ያገኛሉ። እዚህ ግን ሕጉ አንድ ነው፤ ከመኪናው አይራቅም። መኪና ጥላ አለው። አውሮፕላን ከላይ ሲፈልግ መኪናውን ያያል፣ የሚራመደውን ሰው ግን አያየውም። ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው የሚያልበው ከሚራመደው በብዙ ያነሰ ነው።

አጎት፦ የራዲያተር ውሃስ? ድሮ የቸገረው ሾፌር ይጠጣው ነበር።

ነርሷ፦ የዛሬው ኩላንት የተቀላቀለበት ነው፤ መርዝ ነው።

አጎት፦ ከድሮም ሰው የማይኖርበት ምድር ነው ይሄ?

ነርሷ፦ ይኖርበት ነበር እንጂ። ዋንካንጉሩ የሚባሉት ሰዎች አሸዋው መሐል ሚኪሪ የሚሉትን ጥልቅ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ይኖሩበት ነበር። ወደ 1900 ገደማ ነው ለቀው በየዳርቻው ወዳለው የከብት ርባታና ሚሲዮን የወጡት። ጉድጓዶቹም አሸዋ ሞላባቸው። ነጮች በረሃውን አቋረጥነው የሚሉት ከዚያ በኋላ፣ በ1936 ነው፤ ቴድ ኮልሰን የሚባል ሰው ፒተር አይንስ ከተባለ አቦርጅናል ጓደኛው ጋር ተሻገረው።

አጎት፦ በምን?

ነርሷ፦ በግመል።

አጎት፦ አየሽ! ታዲያ ግመል አለ አትዪኝም?

ነርሷ፦ ግመልማ መንጋ በመንጋ ነው፤ ባለቤት የለውም። ድሮ መኪናና ባቡር ሳይመጣ ጭነቱን ሁሉ የሚያመላልሱት አፍጋኖች የሚባሉት ግመል ነጂዎች ነበሩ፤ ከአፍጋኒስታንም ከሕንድም የመጡ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ማሪ ከተማቸው ነበረች፣ መስጊድም ነበራቸው። ካሚዮን ሲመጣ ሥራው ቀረና ግመሎቹ ተለቀቁ። እነሆ ዛሬ ይራባሉ።

አጎት፦ ግመሉ ቀርቶ ግመል ጠባቂው ሄደ በይኛ።

ነርሷ፦ ግመል ይዘው ከዚህ ከእኛው ከተማ የተነሱም ነበሩ። በ1860 በርክና ዊልስ ከሜልቦርን ብዙ ግመልና ብዙ ጭነት ይዘው ወጡ። አገሩን እስከ ሰሜን ጫፍ አቋርጠው ሲመለሱ፣ በ1861 ኩፐር ክሪክ ዳር በረሃብ ሞቱ። ውሃው አጠገባቸው ነበር። የአገሬው ሰዎች ናርዱ የሚባለውን ተክል ዘር እያዘጋጁ ይበሉት ነበር፤ እነሱም ያንኑ በሉ፣ ግን እንደ ባለቤቶቹ ማዘጋጀቱን አላወቁበትም፤ እየበሉት ሰውነታቸው አለቀ። የተረፈው አብሯቸው የነበረው ኪንግ ብቻ ነው፤ ያንድሩዋንዳዎቹ ወስደው አብልተው አኖሩት።

አጎት፦ ሰው ያገኘው ተረፈ።

ነርሷ፦ አዎ። ለዚህ ነው የሳተላይት ስልክ የያዝኩት። ስልካችን ከከተማ እንደወጣን ይጠፋል። በእጅ የሚያዝ የአደጋ ምልክት ሰጪም ገዝቻለሁ፤ ሲጫኑት በ406 ሜጋኸርትዝ ለሳተላይት ይናገራል፣ ጥሪው ካንቤራ ይደርሳል። አስመዝግቤዋለሁ፣ ምዝገባው ነፃ ነው። የሚቀበለው የአውስትራሊያ የባሕር ደኅንነት ባለሥልጣን ነው።

አጎት፦ የባሕር? አሸዋ ውስጥ ሆነን?

ነርሷ፦ የመርከቡንም የበረሃውንም የሚያስተባብሩት እነሱ ናቸው። ጭንቅ ሲመጣ ብቻ ነው የሚጫኑት፤ ጎማ ፈነዳ ተብሎ አይነካም። ከዚያ በራሪ ሐኪሞቹ አሉ። ጆን ፍሊን የሚባል ቄስ ነው በ1928 ክሎንከሪ ላይ ያስጀመራቸው። አውሮፕላኑ ቢኖርም ገበሬው በምን ይጥራው? በዓመቱ ትሬገር የሚባል ሰው በእግር እየረገጡ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩበት ሬዲዮ ሠራላቸው።

አጎት፦ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ጎበዝ ሰው ነው። እባብስ?

ነርሷ፦ በርድስቪል አካባቢ ያለው ታይፓን መርዙ ከየብስ እባብ ሁሉ የከፋ ነው። ዓይን አፋር ስለሆነ ሰው ላይ እምብዛም አይመጣም። ቢነድፍ ግን አይታጠብም፣ አይበጣም፣ በገመድም አይታነቅም። ሰፊ ላስቲክ ፋሻ ጠበቅ አድርጎ እግሩን በሙሉ መጠቅለል፣ በእንጨት መደገፍ፣ ሰውዬውን ካለበት አለማንቀሳቀስ። አራት ፋሻ ይዣለሁ።

አጎት፦ ይሄን አንቺ ታውቂያለሽ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። አሸዋ ውስጥ እስከ ዲፍረንሻሉ ሰጠምን እንበል። ማን ይጎትተናል?

ነርሷ፦ አካፋ አለን፣ ከጎማው ሥር የሚገባው ፕላስቲክ መሰላልም አለን። መጎተቻ ገመድም ይዣለሁ፣ የሚለጠጠውን።

አጎት፦ የምትጎትቺበት ማን ላይ አስረሽ ነው? ጉብታ ላይ ዛፍ የለ። ያ የሚለጠጠው ገመድ ደግሞ ጉልበት አጠራቅሞ ነው የሚስበው። ተጎታች በሚያያዝበት ብረት ኳስ ላይ ያሰረ ሰው ብረቱ ተነቅሎ እንደ ጥይት ነው የሚመጣበት፤ እዚሁ አገር ሰው ሞቷል። መያዣው ከሻንሲው ጋር በደንብ የታሰረ መሆን አለበት፤ ቅዳሜ ጋራዥ ወስደን አያለሁ። ግን ጥያቄዬ እሱ አይደለም። የሚጎትተን መኪና የት አለ?

ነርሷ፦ አንድ መኪና ነው ያለን ጋሼ። ብቻቸውን የሚሻገሩም አሉ።

አጎት፦ ይኖራሉ። አንቺ ግን እስካሁን ስትነግሪኝ የቆየሽው ምንድን ነው? መንገዱ ሰው የለውም አልሽ። እንግሊዞቹ የሚደርስላቸው አጥተው ሞቱ፣ ኪንግ ሰው አግኝቶ ዳነ አልሽ። እኔ ያ የግመል ልጅ አለ ብዬ ነበር የማስበው፤ የለም ካልሽኝ ሰውን ከዚህ ይዘነው መሄድ አለብና! ስልኩ ጥሩ ነው፤ ስልክ ግን ከአሸዋ አያወጣም። ለሰመጠ መኪና ያን የአደጋ ነገር መጫን አይገባም ያልሽኝም አንቺው ነሽ።

ነርሷ፦ ሁለተኛ መኪና ማለት ሌላ ነዳጅ፣ ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ሰው ማስማማት ነው። የማን የዓመት ፈቃድ ከእኔ ጋር ይገጥማል? ባለፈው ስንት ሰው ጠይቄ ሁሉም መኪናዬ ይቧጨራል አለኝ።

አጎት፦ ቁጥቋጦው ይቧጭረዋል፣ እውነት ነው። የሚሰስት ይቅር። ሬዲዮስ?

ነርሷ፦ አለ። ባንዲራም አለ፤ ጫፉ ከመሬት 3.5 ሜትር መድረስ አለበት፣ ግዴታ ነው። ጉብታው አናት ላይ ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና የሚያሳየን እሱ ነው። በሬዲዮው ደግሞ ቻናል 10 ላይ ያለንበትን እየተናገርን እንሄዳለን።

አጎት፦ እንግዲህ ቃሌ ይሄ ነው። ሁለተኛ መኪና ከተገኘ፣ ካልሽው ውስጥ አንድም ሳይጎድል እንሻገራለን፤ እኔም ልጄ ልጄ እያልኩ ከኋላ አላስቸግርሽም፣ ነጂዋ አንቺ ነሽ። ካልተገኘ እስከ ዳልሁዚ ድረስ ነው።

ነርሷ፦ ዳልሁዚ እኮ የበረሃው በር ነው! እዚያ ደርሶ መመለስ?

አጎት፦ ፍል ውሃ አለ አላልሽም?

ነርሷ፦ አለ። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ የሚሞቅ፣ እንደ ሐይቅ የሚዋኙበት።

አጎት፦ ታጥበን እንመለሳለን። የኡድናዳታው መንገድ ራሱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የድሮው ባቡር ሐዲድ አለ፣ ግመሉ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም ይበዛብናል። ውሃውን ግን የሰባት ቀኑን እንይዛለን።

ይህ እስከተጻፈበት ድረስ ሁለተኛው መኪና አልተገኘም። ሜልቦርን ወይም አደላይድ ያላችሁ፣ ደህና ፎር ዊል መኪና ያላችሁና ጁላይ ላይ ሁለት ሳምንት የምታገኙ፣ ቀለሙ ለሚቧጨር መኪና የማትሳሱ ካላችሁ ብቅ በሉ። የራሳችሁን ውሃና ነዳጅ ይዛችሁ ኑ፤ ጎማውን አጎትየው ያስተነፍሱላችኋል።